ዕዳ ቀርቶብኝ ወደ ውጭ ወጣሁ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኢትዮጵያ ከወጡ በኋላ ባንክ፣ ግለሰብ፣ ዕቁብ ወይም ዩኒቨርሲቲ ዘንድ ያልተከፈለ ዕዳ የቀረባቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ከአገር ከወጣሁ ዕዳው ይቀራል?

አይቀርም። መኖሪያ መቀየር ውል አያፈርስም። የፈረሙት ሰነድ፣ የሰጡት መያዣ፣ የቆመልዎ ዋስ ሁሉም በቦታው ነው። የሚቀየረው አበዳሪው የሚያንኳኳው በር ነው። እርስዎ ቶሮንቶ ወይም ሪያድ ከሆኑ እርስዎ ጋ መድረስ ገንዘብም ጊዜም ይፈጅበታል። ስለዚህ ቅርብ ወዳለው ይዞራል፦ ወደ ዋሱ፣ በስምዎ ወደ ቀረው ቤት ወይም መኪና፣ ወደ ትዳር ጓደኛዎ።

ውጭ ያለ ባለዕዳ ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው «እኔን ምን ያደርጉኛል?» እያለ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን «እኔ ባልከፍል ማን ላይ ይወርዳል?» የሚለውን ነው።

ወላጆቼ ወይም ወንድሞቼ እንዲከፍሉልኝ ይገደዳሉ?

ዋስ ሆነው ካልፈረሙ አይገደዱም። አባት ለልጁ፣ እህት ለወንድሟ ዕዳ በዝምድና ብቻ አትጠየቅም። አበዳሪው ቤት ድረስ መጥቶ ቢጮህ በሕግ የሚያስከፍላቸው ነገር የለም። ቤተሰብ ግን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ለሕግ ሳይሆን ለስም ሲል ነው። የጎረቤት ዓይን ፈርተው ወርቃቸውን የሚሸጡ እናቶች አሉ። ስለዚህ ምን ያህል እንዳለብዎት፣ ለማን እንደሆነ፣ እርስዎ ራስዎ አስቀድመው ይንገሯቸው። «ማንም ቢመጣ ወደ እኔ ላኩት» ማለት ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ነገር ያድናል።

የትዳር ጓደኛ ጉዳይ ይለያል። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ በሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ዕዳ የሁለቱም ዕዳ ነው። የአንዱ የግል ዕዳ ቢሆን እንኳ የግል ንብረቱ ካልበቃ የጋራው ንብረት ሊነካ ይችላል። ባል ወጥቶ ስልክ ሲዘጋ ሚስት የሐራጅ ማስታወቂያ በር ላይ ተለጥፎ የምታገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋስ የሆነልኝ ሰው ምን ይደርስበታል?

እንደ ፊርማው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና ግልጽ ሆኖ በጽሑፍ መደረግ አለበት። ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ብዙ ዋሶች ይህን አያውቁም። ውሉን ለጠበቃ ሳያሳዩ ደመወዛቸው ይቆረጣል።

ዋስትናው ተራ ከሆነ አበዳሪው መጀመሪያ ባለዕዳውን እንዲጠይቅና የባለዕዳውን ንብረት እንዲሸጥ ዋሱ መከራከር ይችላል። «በአንድነትና በነጠላ» ወይም «ባልተነጣጠለ ኃላፊነት» የሚል ቃል ካለበት ግን ይህ መከራከሪያ የለም። አበዳሪው እርስዎን መፈለግ ሳያስፈልገው በቀጥታ ዋሱን ይከሳል። ባንኮችና ማይክሮፋይናንሶች የሚያስፈርሙት አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ነው። ዋሱ ደመወዝተኛ ከሆነ በየወሩ ከደመወዙ ይቆረጣል፤ ሕጉ ከሲሶ በላይ እንዳይቆረጥበት ቢከላከልለትም፣ ሲሶ ደመወዝ በአሁኑ ኑሮ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ማለት ነው። የከፈለ ዋስ በአበዳሪው እግር ተተክቶ እርስዎን የመክሰስ መብት አለው።

የአቅም ጥያቄ ከሆነና ለሁሉም መክፈል ካልቻሉ፣ በእኔ እምነት ዋስ ያለበት ዕዳ ይቅደም። ባንክ ቢዘገይበት ወለድ ይቆጥራል። ዋስ ሲዘገዩበት ግን የሚጎዳው ለእርስዎ ብሎ የፈረመ አንድ ሰው ነው። ዛሬውኑ ደውሉለት። ገንዘብ ባይኖርዎትም ይደውሉ።

ቤት ወይም መኪና አስይዤ ከባንክ ተበድሬያለሁ። መክፈል ባቆም ምን ይከተላል?

ባንክ እንደ ግለሰብ ፍርድ ቤት ሄዶ ዓመታት መጠበቅ የለበትም። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች የያዙትን ንብረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ራሳቸው በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ማስጠንቀቂያው የሚላከው ውሉ ላይ በተጻፈው አድራሻ ነው። እርስዎ ሚኒሶታ ሆነው ደብዳቤው ሳሪስ ባለው የድሮ ኪራይ ቤትዎ በር ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ስለዚህ አድራሻና ስልክ መቀየርዎን ለቅርንጫፉ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ንብረቱ ተሸጦ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው ዕዳ ይከተልዎታል። ከተረፈ ደግሞ ትርፉ የእርስዎ ነው። ሐራጅ ላይ ንብረት ጥሩ ዋጋ እንዲያወጣ አይጠብቁ። መክፈል የማይችሉ ከሆነ ባንኩ ማስታወቂያ ከማውጣቱ በፊት ራስዎ ገዢ ፈልገው፣ ባንኩ ፈቅዶ፣ ቢሸጡ ይሻላል። የብድር ጊዜ ማራዘምም መጠየቅ ይቻላል፤ ባንኮች ውጭ አገር ሆኖ የሚደውልላቸውን ተበዳሪ በክፉ ዓይን አያዩም። የሚፈሩት የጠፋውን ነው።

እንደ ቴሌብር መላ ያለች ትንሽ የስልክ ብድር ካለችብዎት ሲም ካርዱ ከመዘጋቱ በፊት ይጨርሷት። የባንክ ተበዳሪ ታሪክ በብሔራዊ ባንክ የመረጃ ቋት ይያዛል። ነገ የዳያስፖራ የቤት ብድር ሲጠይቁ የሚያዩት እሱን ነው።

ኮስት ሼሪንግ (የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት ዕዳ) አልከፈልኩም። ዲግሪዬንና ትራንስክሪፕቴን ማስላክ እችላለሁ?

ዕዳው ሳይዘጋ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ማግኘት አይቻልም። ጊዜያዊው ወረቀት ብቻ በእጅዎ ይዘው የወጡ ከሆነ ውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ ሲገመገም እዚህ ላይ ይቆማሉ። አስተማሪ ሆነው ያገለገሉና ዕዳቸውን በአገልግሎት የከፈሉ ሰዎች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ማገልገላቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋቸዋል።

አካሄዱ ቀላል ነው፤ ሰው ግን ይፈልጋል። የዕዳ መጠንዎን የሚገልጽ ወረቀት ከዩኒቨርሲቲው፣ ክፍያው ገቢዎች ቢሮ፣ ከዚያ የክፍያ ማረጋገጫውን ይዞ ወደ ሬጅስትራር። ይህን ሁሉ የሚሯሯጥልዎ ዘመድ ውክልና ያስፈልገዋል። ቀድሞ ይሠሩ የነበረበት መሥሪያ ቤት ከደመወዝዎ ሲቆርጥ ቆይቶ ከሆነ ያንን የሚያሳይ ደብዳቤ ያስጽፉ፤ አንዳንዱ የተቆረጠበትን ገንዘብ ድጋሚ ይከፍላል። ምሥራቹ፣ የዕዳው መጠን በዛሬ ምንዛሪ ሲታይ ብዙ ጊዜ ከሚፈራው ያነሰ ነው።

የዕቁብ ዕጣ ወጥቶልኝ ከአገር ወጣሁ፤ መጣል አቆምኩ። ይህም ዕዳ ነው?

ነው፤ ያውም ከባዱ። ባንክ ላይ የቀረ ዕዳ የተቋም ገንዘብ ነው። ዕቁብ ላይ የቀረው ግን ገና ዕጣ ያልደረሳቸው ሰዎች ገንዘብ ነው። አንዷ ለልጇ ሠርግ፣ አንዱ ለሱቁ ዕቃ የሚጠብቀው። ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ፣ መዝገብና ዋስ ያለው የውል ስምምነት ነው፤ መዝገቡና የፈረሙት ወረቀት ማስረጃ ሆነው ሊቀርቡ ይችላሉ። ትልልቅ ዕቁቦች ደግሞ ዕጣ ሲሰጡ ቼክ ያስፈርማሉ። ቼክ ካለበት ከታች ያለውን የቦሌ ጥያቄ ያንብቡ።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢም ሆነ ሌላ ቦታ በውጭ ከሚጣሉ ዕቁቦች ወጥቶ የጠፋ ሰውም ያው ነው። እዚያ አባላት አነስተኛ የገንዘብ ክርክር ወደሚያይ ፍርድ ቤት ሊሄዱ ይችላሉ። ብዙዎቹ ግን አይሄዱም፤ ወሬው ከፍርድ ቤት በፊት ይደርሳል።

ያለ ወረቀት፣ በመተማመን ነው የተበደርኩት። ሊያስከፍለኝ ይችላል?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በስተቀር ማስረዳት አይቻልም ይላል። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ምሳ ነው። ስለዚህ ወረቀት የሌለው ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል በምስክር ብቻ አይረጋገጥም። ገንዘቡ በባንክ ተላልፎልዎት ከሆነም ደረሰኙ ብሩ መተላለፉን እንጂ ብድር መሆኑን ለብቻው አያሳይም።

ነገር ግን ፍርድ ቤት ፊት ቀርበው «ተበድረሃል ወይ?» ሲባሉ መልስዎ ቃል ነው። ቴሌግራም ላይ «ወንድሜ ትንሽ ታገሠኝ፣ በሚቀጥለው ወር እልካለሁ» ብለው የጻፉትም አለ፤ የኤሌክትሮኒክ መልእክት በሕግ ዋጋ እንዲኖረው የሚያደርግ አዋጅ ከወጣ ዓመታት ሆነ። ወረቀት ያልጠየቀ አበዳሪ ያልጠየቀው ስላመነዎት ነው። ይህን እንደ ማምለጫ የሚቆጥሩ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ብዙም አላዝንላቸውም።

የተበደርኩት በአራጣ ነው። ወለዱን ሁሉ መክፈል አለብኝ?

በግለሰቦች መካከል በጽሑፍ ሊስማሙበት የሚችሉት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ አይበልጥም። መጠኑ ካልተጻፈ በዓመት 9 በመቶ ነው። በወር 10 በመቶ የሚያስከፍል አበዳሪ ከሕግ ውጭ ነው፤ አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል።

ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። አራጣ አበዳሪ ወለዱን ውሉ ላይ አይጽፍም። 200 ሺህ ብር ሰጥቶ 350 ሺህ ብር «ያለ ወለድ» አበደርኩ የሚል ወረቀት ያስፈርማል፤ አንዳንዴም የቤት ሽያጭ ውል አስመስሎ። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊትም ሆነ በኋላ የላኩትን እያንዳንዱን ክፍያ የሚያሳይ የባንክ ወረቀት፣ የድምፅ መልእክት፣ ጽሑፍ ያስቀምጡ። ቤተሰብ ላይ ዛቻ ካለ ለፖሊስ ማመልከት የሚቻል ነገር ነው። ዋናውን ብድር ለመክፈል ዝግጁ መሆንዎን በጽሑፍ ማሳወቅ ደግሞ ክርክሩ ሲመጣ ይጠቅማል። የውሉን ቅጂ ይዘው ጠበቃ ሳያማክሩ ግን ምንም አይጻፉ። ምክንያቱ የሚቀጥለው ጥያቄ ውስጥ አለ።

ስንት ዓመት ካለፈ ዕዳው ይሰረዛል?

ጠቅላላው የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም አበዳሪው መክሰስ የሚችልበት የጊዜ ገደብ፣ 10 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረው ዕዳው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው እንጂ ከአገር ከወጡበት ቀን አይደለም። ግን ይርጋ ይቋረጣል። አበዳሪው ክስ ከመሠረተ ይቋረጣል። እርስዎ ዕዳውን ካመኑም ይቋረጣል። ወለድ መክፈል፣ ከፊሉን መላክ፣ አዲስ መያዣ መስጠት ሁሉ እንደ ማመን ይቆጠራል። በጽሑፍ ካመኑ ወይም ፍርድ ካረፈ አዲስ 10 ዓመት ከዜሮ ይጀምራል። በዘጠነኛው ዓመት «ለበዓል ይሁንህ» ብለው 5 ሺህ ብር ከዕዳው ላይ ቢልኩ ቆጠራው እንደገና ተጀመረ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዳኛው በራሱ ተነሥቶ «ይርጋ አልፎታል» አይልም። ባለዕዳው ቀርቦ ራሱ ማንሣት አለበት። መጥሪያ ሰምተው ዝም ካሉ 15 ዓመት ያለፈው ዕዳም ሊፈረድብዎት ይችላል። በጥብቅ ዝምድና ምክንያት አበዳሪው በጊዜው ሳይከስ ቀርቶ ከሆነ ፍርድ ቤቱ የይርጋውን መቃወሚያ ላይቀበልም ይችላል፤ ከአጎትዎ የተበደሩ ይህን ያስታውሱ።

በሌለሁበት ሊፈረድብኝ ይችላል?

ይችላል። መጥሪያ ማድረስ ካልተቻለ ፍርድ ቤቱ በጋዜጣ ጥሪ እንዲደረግ ያዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ዘመን ላይ። በቀጠሮው ካልቀረቡ ጉዳዩ በሌሉበት ይታያል። ከዚያ አፈጻጸም ይመጣል፦ የባንክ ሒሳብ ማገድ፣ ቤት ወይም አክሲዮን መሸጥ።

መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰዎት ማሳየት ከቻሉ ፍርዱ ተነሥቶ መከራከር እንዲችሉ መጠየቅ ይፈቀዳል። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ፍርዱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር። ዘመድ ደውሎ «ስምህን ጋዜጣ ላይ አይቻለሁ» ካለዎት ያቺ ቀን ናት።

ለእረፍት ስመለስ ቦሌ ላይ እያዛለሁ?

ተራ የብድር ዕዳ ብቻ ከሆነ አይታሰሩም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። መግባት ላይ ችግር የለም። ችግሩ መውጣት ላይ ሊመጣ ይችላል፤ አበዳሪው መምጣትዎን ሰምቶ «ተመልሶ ሊሄድብኝ ነው» ብሎ ፍርድ ቤት ካመለከተ፣ ቀርበው ዋስትና እንዲያስይዙ ሊታዘዝ ይችላል። አቅም እያለው ፍርድ አልፈጽምም ያለ ሰውም በአፈጻጸም ችሎት ሊታሰር ይችላል። የሦስት ሳምንት እረፍት ላይ ለመጣ ሰው ይህ ትልቅ ጣጣ ነው።

ደረቅ ቼክ ግን ሌላ ዓለም ነው። ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ወንጀል ነው፤ ከባድ ሲሆን ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። «ለመተማመኛ ነው» ተብሎ የተፈረመ ባዶ ቼክ አበዳሪው እጅ ላይ ከቀረ፣ ቁጥሩን ሞልቶ ባንክ አቅርቦ «በቂ ስንቅ የለውም» የሚል ማኅተም ማስመታት ይችላል። ከዚያ በኋላ ፖሊስ የሚፈልገው ተጠርጣሪ ሊሆኑ ይችላሉ። ቼክ የሰጡ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈርዎ በፊት ክስ ወይም የመያዣ ትእዛዝ መኖር አለመኖሩን በጠበቃ ያጣሩ። ቼኩን ማስመለስ ከቻሉ ደግሞ ቀድመው ያስመልሱ።

የምኖርበት አገር ድረስ መጥቶ ሊከሰኝ ይችላል? ወረቀቴንስ ያበላሽብኛል?

መክሰስ ይችላል። በሚኖሩበት አገር ፍርድ ቤት በቀጥታ ሊከስ፣ ወይም ኢትዮጵያ ያስፈረደውን ይዞ እውቅና እንዲሰጠው ሊጠይቅ ይችላል። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የውጭ አገር የገንዘብ ፍርድን የሚቀበሉበት ሕግ አላቸው፤ ተከሳሹ በአግባቡ መጥሪያ ደርሶት መሆኑን ግን ይመረምራሉ። ትርጉም፣ ጠበቃ፣ ማረጋገጫ ሲደመር ለትንሽ ዕዳ የሚያዋጣ አይደለም። ለብዙ ሚሊዮን ብር ግን ሲያዋጣ ይሞከራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የቀረ የግል ዕዳ ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት የሚያስከለክል ምክንያት አይደለም። «ለኢሚግሬሽን እጽፍብሃለሁ» የሚለው ማስፈራሪያ በራሱ ባዶ ነው። ጉዳዩ ማጭበርበር ተብሎ በወንጀል ከተከሰሱ ግን ማመልከቻዎች ላይ ስለ ክስና እስራት የሚጠየቀውን በእውነት መመለስ አለብዎት፤ ያኔ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያስፈልጋል።

አበዳሪዬ ፎቶዬን ቲክቶክ ላይ ለጥፎ «ሌባ» ይለኛል። ምን ላድርግ?

ላይቭ ገብተው አይመልሱ። ክርክሩን በሺህ ሰው ፊት ማድረግ ዕዳውን አይቀንስም፤ በቁጣ መካከል የሚወጣ «አዎ ወስጃለሁ፣ ግን…» የሚል ቃልም ተቀድቶ ይቀመጣል። ቪዲዮውን ያስቀምጡ፣ ለመድረኩ ያመልክቱ። ስም ማጥፋት በኢትዮጵያ ወንጀል ነው፤ በሚኖሩበት አገርም ሊያስጠይቅ ይችላል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ከመለጠፉ በፊት ስንት ጊዜ ደውሎ አላነሡለትም? አብዛኛው እንዲህ ያለ ቪዲዮ የሚመጣው ብሎክ ከተደረገ በኋላ ነው። ሁለታችሁንም የሚያውቅ፣ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሽማግሌ ይግባ። ቪዲዮው እንዲወርድ፣ ክፍያው በዚህ ቀን እንዲጀምር፣ ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ልከፍል ወስኛለሁ። በኋላ «አልደረሰኝም» እንዳይባል እንዴት ላድርግ?

በራስዎ ስም፣ በባንክ ወይም በሕጋዊ የሐዋላ ድርጅት፣ በቀጥታ ወደ አበዳሪው ሒሳብ ይላኩ። የክፍያ ምክንያት የሚሞላበት ቦታ ላይ «የብድር ክፍያ» ብለው ይጻፉ። ዶላሩን እዚያው ላለ ነጋዴ ሰጥተው ብሩ አዲስ አበባ ላይ እንዲገባ ካደረጉ፣ አበዳሪው ሒሳብ ላይ የሚታየው የማያውቁት ሰው ስም ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ገንዘብ የእርስዎ መሆኑን ማን ይመሰክራል? በዘመድ እጅ መላክም ከዚህ አይሻልም። የወንድምን ልጅ አምኖ የላኩት ብር ባጃጅ የተገዛበት ጊዜ አለ።

ሲጨርሱ ዋናው ውል እንዲመለስ ያድርጉ። «ቀድጄዋለሁ» የሚለውን አይቀበሉ። ዕዳው ሙሉ በሙሉ መከፈሉን የሚገልጽ፣ የተፈረመ ወረቀት ይያዙ፤ ዋሱም ቅጂ ይሰጠው። የቤት መያዣ ከነበረ እገዳው ከመዝገቡ እንዲነሣ ማድረግ ሌላ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ወኪል ከፈለጉ ውክልናውን በሚኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይፈጽሙ። ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥና ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይሄዳል። «ማንኛውንም ሥራ ይሥራልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ዕዳ ላይ መታረቅ፣ መክሰስና መከሰስ፣ ቤት መሸጥ፣ እያንዳንዱ በስሙ ተጠርቶ መጻፍ አለበት።

ብር ወድቋል። ያኔ የተበደርኩትን ቁጥር ብቻ ብመልስ በቂ ነው?

በሕግ አዎ፤ በብር የተገባ ዕዳ በዚያው የብር ቁጥር ይከፈላል። ጊዜው ላለፈ ዕዳ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ እሱን አበዳሪው ሊጠይቅ ይችላል።

አሁን ቁጥሩን እንየው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 300 ሺህ ብር ያኔ ከ5,200 ዶላር በላይ ነበር፤ በ100 ብር ሲመነዘር 3,000 ዶላር ነው። ውጭ ላለ ባለዕዳ ሸክሙ ቀለለ። ያበደረው ሰው ግን ያኔ በዚያ ብር የሚገዛውን ዛሬ አይገዛም። ለባንክ ይህ ስሌቱ ውስጥ የገባ ነገር ነው። ለጎረቤትዎ ወይም ለአብሮ አደግዎ ግን ከኪሱ የወጣ ነው። ሕጉ ባያስገድድም ለግለሰብ ሲከፍሉ አንድ ነገር ጨምረው ቢያቀርቡ ተገቢ ነው እላለሁ። ብዙ አበዳሪዎች ራሳቸው አይጠይቁም፤ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ጭማሪውን በተለየ መስመር «ከዕዳው በላይ በፈቃድ የተሰጠ» ብለው ያስመዝግቡ፤ አለዚያ የወለድ ስምምነት ነበረ የሚል ክርክር ሊያስነሣ ይችላል።

ውሉ ላይ የተጻፈው ዶላር ከሆነ የውጭ ምንዛሪ ደንብም ይገባበታልና ያለ ጠበቃ አይነካኩት።

በተቃራኒው፣ ውጭ አገር ዕዳ ትቼ ኢትዮጵያ ብመለስስ?

አገር በአገር ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ያልተከፈለ ክሬዲት ካርድ የክሬዲት ሪፖርት ላይ እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል። አበዳሪው የሚከስበት ጊዜ እንደ ግዛቱ ነው፤ ሜሪላንድና ዲሲ ሦስት ዓመት ነው፣ ሌላው ይረዝማል። የፌዴራል የተማሪ ብድር ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለውም። አብሮዎት የፈረመ ሰው ካለ ታሪኩ እዚያም ያው ነው፤ ካርዱ እሱን ይከተለዋል።

ዱባይና አቡዳቢ ከበድ ይላሉ። ከ10 ሺህ ድርሃም ላላነሰ ዕዳ አበዳሪው የጉዞ እገዳ ማስወጣት ይችላል። ከእ.ኤ.አ. 2022 መጀመሪያ ወዲህ ስንቅ የሌለው ቼክ በአብዛኛው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ሆኗል፤ ማጭበርበር ካለበት ግን አሁንም ወንጀል ነው። ትኬት ሲቆርጡ ዱባይ ላይ የሚያርፍ በረራ ከመምረጥዎ በፊት ክስ መኖሩን ያጣሩ። እስራኤል ደግሞ «ሆጻአ ላፖዓል» የሚባለው የፍርድ አፈጻጸም ቢሮ ባለዕዳ ከአገር እንዳይወጣ ማገድ ይችላል። እዚያ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ትኬት ከመግዛታቸው በፊት ፋይላቸውን ቢያዩ ይበጃል።

የውጭ ፍርድ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲፈጸም የሥነ ሥርዓት ሕጉ ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑን ይጠይቃል። ስለዚህ በቀላሉ አይመጣም። ተመልሰው ወደዚያ አገር መሄድ ሲፈልጉ ግን ዕዳው እዚያው ይጠብቅዎታል።

አበዳሪዬ ሞቷል። ለማን ልክፈል?

መጀመሪያ ለደወለው ልጅ አይክፈሉ። ዕዳው የውርሱ አካል ነው፤ የሁሉም ወራሾች ነው። ከፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማስረጃ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ወራሾቹ ከተስማሙ በአንድ ወኪል ሒሳብ ይክፈሉ፤ ደረሰኙ ላይ ግን ሁሉም ወይም ሕጋዊ ወኪላቸው ይፈርሙ። ከተጣሉና ማን ተቀባይ እንደሆነ ካልታወቀ ገንዘቡን ፍርድ ቤት ማስያዝ የሚቻልበት መንገድ አለ።

ዋናው ውልም የት እንዳለ ይጠይቁ። ሟቹ ሳጥን ውስጥ የቀረ ወረቀት ካልተመለሰ፣ ከክፍያው በኋላ በሌላ ወራሽ እጅ ሊወጣ ይችላል። ካልተገኘ መጥፋቱንና ዕዳው መከፈሉን በአንድ ሰነድ ላይ ያስፈርሟቸው።